ስምን ስለ መጠበቅ

የቀደሙት እናቶቻችን የልጃቸውን የክርስትና ስም ለማያውቁት ሰው በቀላሉ አይነግሩም ነበር። ያ ስም የሚጠራው በጸሎትና በቍርባን ጊዜ ነው፤ ለገበያና ለጎዳና የዓለም ስሙ ይበቃዋል። መተተኛ የሰውን ስም ከነእናቱ ስም ካገኘ ክፉ ይሠራበታል ተብሎ ይፈራ ነበርና። የፍርሃቱን ነገር ለሊቃውንት እንተወውና፣ ልማዱ ግን ስም ለሁሉ የሚበተን ነገር አለመሆኑን የተረዱ ሰዎች ልማድ ነው።

ዛሬ በሰቶ ሰመሮ የምንኖር እኛ ስማችንን ከነአያታችን፣ የትውልድ ቀናችንንና ፎቶግራፋችንን በአንድ ወረቀት አድርገን፣ የመታወቂያችንን ግልባጭ በየደረስንበት እንሰጣለን። ቤት ለመከራየት አንድ፣ ሲም ካርድ ለማውጣት አንድ፣ ዕቃ በዱቤ ለመውሰድ ደግሞ ሌላ። ግልባጩ ከዚያ ወዲያ የት እንደሚያድር የሚጠይቅ የለም። ከገበያ ቆሎ ስንገዛ የተጠቀለለበት ወረቀት የአንዲት ሴት የመታወቂያ ግልባጭ ሆኖ አግኝተነዋል፤ ፊቷ ደብዝዞ ቍጥሯ ግን ጥርት ብሎ ይነበብ ነበር። ወረቀቱን አቃጠልነው። ነገር ግን ስንቱን አቃጥለን እንችላለን?

ቡና በሚለቀምበት ወራት ከአጋሮና ከሊሙ በኩል ብዙ ገንዘብ ይንቀሳቀሳል፤ ቴሌብር በግንቦት 2013 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህም፣ ባንኮችም በስልክ መሥራት ከለመዱ ወዲህ፣ ገንዘቡ የሚሄደው በስልክ ሆኗል። ሌባም ወራቱን ያውቃል። ጎረቤታችን የሆኑ አንዲት አሮጊት እናት የቡናቸውን ዋጋ በተቀበሉ በሦስተኛው ቀን ስልካቸው ጮኸ። ደዋዩ «እማማ፣ ከባንክ ነው» ብሎ ስማቸውን ከነአባታቸው ስም ጠራቸው። ያሳመናቸውም ይኸው ነው፤ ስሜን ያወቀ እንዴት ሌባ ይሆናል አሉ። ሒሳብዎ ሊዘጋ ነው ብሎ የምስጢር ቍጥራቸውን ጠየቃቸው፤ ነገሩት። ወዲያው በመልእክት የመጣውንም ቍጥር እንዲነግሩት ለመናቸው። እርሳቸው ፊደል አልቈጠሩምና ዐሥር ዓመት ያልሞላው የልጅ ልጃቸው፣ ማንበብ በመቻሉ ደስ እያለው፣ ጮኾ አነበበላቸው። የዓመቱ ቡና በዚያች ሰዓት ሄደ። ልጁም ከዚያ በኋላ ብዙ ቀን ለማንም አላነበበም፤ እኛን ከገንዘቡ ይልቅ ያሳዘነን ይህ ነው።

የነገሩ አሠራር እንዲህ ነው። ሌባው በራሱ ስልክ የሴትዮዋን ሒሳብ ለመክፈት ይሞክራል። ባንኩም ባለቤቲቱ ራሷ መሆኗን ለማረጋገጥ ወደ እርሷ ስልክ ለአንድ ጊዜ ብቻ የሚያገለግል ቍጥር ይልካል። ሌባው የጎደለው ይህ ብቻ ስለሆነ ይደውላል። ቍጥሩ ከባንክ መምጣቱ እውነት ነው፤ ውሸቱ ደዋዩ ነው።

ሕግ የለም ማለት አይደለም። የኮምፒዩተር ወንጀል አዋጅ ቍጥር 958/2008 የሌላውን ማንነት መስረቅን በወንጀልነት ይጠራዋል፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቍጥር 1321/2016ም መረጃ የሰበሰበ ሁሉ ለሰበሰበበት ጉዳይ ብቻ እንዲያውለው ያዝዛል። በአዋጅ ቍጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ መታወቂያም ባለ 12 አኃዝ ቍጥር ሲሰጥ የጣት አሻራን፣ የዐይንንና የፊትን ምስል ይመዘግባል። የምስጢር ቍጥር ቢሰረቅ ይለወጣል፤ አሻራ ግን አይለወጥም፤ ስለዚህ ለማን እንደምንሰጥ ማወቅ ይገባናል።

በቤታችን አሁን የተስማማንበት ሥርዓት አለ። ባንክ ነኝ የሚል ቢደውል ስልኩ ይዘጋል፤ ጉዳዩም በእግር ተሂዶ በቅርንጫፉ ይጠየቃል። ገንዘብ ከሄደ ደግሞ በዚያው ቀን ለባንኩና ለፖሊስ ይነገራል። የመታወቂያ ግልባጭ ስንሰጥም «ለቤት ኪራይ ብቻ» ብለን ቀኑን ጨምረን በምስሉ ላይ አግድም እንጽፍበታለን። ግልባጭ የሚያነሣልን ወጣት መጀመሪያ ወረቀቱን አበላሻችሁት ብሎ ተቈጥቶ ነበር፤ ዛሬ ግን ለሚመጣው ሁሉ የሚያውሰውን እስክሪብቶ በክር አስሮ ከጠረጴዛው ላይ አኑሮታል።