የጅብ ቀዳዳ

ሐረር የሄድኩት ላፕቶፔን ቤት ትቼ ነው። ከወንድሜ ጋር ከተኳረፍን ሁለት ዓመት ሊሞላን ነው፤ ቁጥሩንም ብሎክ አድርጌዋለሁ።

ጀጎል ውስጥ 82 መስጊድና 102 የአውልያ ቦታ አለ። በጠባቡ መንገድ ስጠማዘዝ የስልኬ ካርታ ግራ ገባው። ደጃፋቸው ላይ የተቀመጡ አንዲት እናት ሳቁብኝ፦ "ልጄ፣ ስልኩን ኪስህ ክተተውና ዝም ብለህ ቁልቁል ውረድ፤ በር ታገኛለህ።"

አገኘሁ። ግንቡ ግርጌ ላይ ደግሞ አንዲት ዝቅ ያለች ቀዳዳ አየሁ። ሐረሪዎች "ወራባ ኑዱል" ይሏታል፤ የጅብ ቀዳዳ። ግንቡን በ16ኛው ክፍለ ዘመን አሚር ኑር ያሠሩት ጠላት እንዳይገባ ነው። ማታ ግን ጅብ በእንዲህ ያለ ቀዳዳ ሾልኮ ገብቶ የከተማውን ትራፊ ይለቃቅማል። በዓሹራማ ገንፎ በቅቤ ያቀርቡለታል።

እኔ ደሞዝ የሚከፈለኝ ያልተፈቀደለት ሰው እንዳይገባ ኮድ ስለምጽፍ ነው። የሚፈሩትን አውሬ አስቦ የተሠራ ግንብ አይቼ አላውቅም።

ፀሐይ ሳትጠልቅ ሐኪም ተራራ ወጣሁ። ከተማው ከታች እጅብ ብሎ ይታያል። ስልኬን አውጥቼ የወንድሜን ቁጥር ከብሎክ አነሳሁት።

ይህን ስጽፍ እሱ አልደወለም። እኔም ገና ነኝ።