ከላህ ወንዝ እስከ ግሽ ተራራ፦ የምዕራብ ጎጃም ገበታ

ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው አስፋልት አማኑኤልን፣ ደምበጫንና ጅጋን አልፎ ፍኖተ ሰላም ሲደርስ ሦስት ዓይነት አየር ይገናኛሉ። በስተ ቀኝ፣ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጮቄ ተነሥቶ በአማዳሚት በኩል እስከ ሰከላ የሚዘልቀው ደጋ ይታያል። በስተ ግራ መሬቱ እያዘቀዘቀ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ይወርዳል። አስፋልቱ ራሱ የተዘረጋው በመካከላቸው፣ በወይና ደጋው ላይ ነው። የዚህን አገር ገበታ የሚያዝዘው ከፍታው ነው። ጥቂት ወጣ ያለ ሰው ገብስና ድንች ይቀርብለታል፤ በመሐሉ የቀረ ጤፍ፣ ዳጉሳና በቆሎ ይበላል፤ ወረድ ያለ ደግሞ ማሽላ ይጠብቀዋል።

ድሬዳዋ ተወልጄ በማሽላ ያደግሁ ሰው ነኝና ጎጃምን የማውቃት በመጽሐፍና በዘፈን ነበር። የመጣሁት በጥር ነው። እህሉ ከአውድማ ገብቷል፣ በርበሬው በየደጁ ተሰጥቷል፣ የሠርጉ ወቅት ስለሆነ በየቤቱ ጠላ ተጠምቋል። ለመብላት ለመጣ እንግዳ ከዚህ የተሻለ ጊዜ አይገኝም።

ፍኖተ ሰላም የምዕራብ ጎጃም ዞን ዋና ከተማ ናት፤ ከአዲስ አበባ 385 ኪሎ ሜትር ገደማ ትርቃለች። በመናኸሪያው አካባቢ ያሉት ምግብ ቤቶች ንጹሕና ፈጣን ናቸው፤ ጥብስ፣ ቅቅል፣ ተጋቢኖ፣ በያይነቱ፣ ፓስታ ታገኛላችሁ። ሁሉም ጥሩ ነው፤ ሁሉም ግን አዲስ አበባም ሆነ አዳማ የሚገኝ ነው። የአገሩን ምግብ ስጠይቃት አስተናጋጇ ከልቧ ተገርማ፣ «እሱማ ቤት ነው የሚበላው» አለችኝ። መንገዱን ሁሉ ሳስበው የሰነበትሁት ይህን መልሷን ነው። ሰው ለራሱ የሚበላውን ለእንግዳ ያንሳል ብሎ ሲያስብ፣ እንግዳው አገሩን ሳይቀምስ አልፎ ይሄዳል።

ስለዚህ ወደ ገበያው ሄድሁ። ዳር ላይ ሰፌድ ይዘው ከተቀመጡ እናት ዘንድ ቆምሁ። ሰፌዱ ላይ ያለው ፍሬ እርጥብ፣ ጠፍጣፋና ነጣ ያለ ነው።

«ምንድን ነው እማማ?»

«አታውቀውም? ግብጦ ነው እንጂ። ከወዴት ነህ ልጄ?»

«ከድሬዳዋ።»

«እንኳን ደህና መጣህ። በል ቅመስ፤ እንግዳ ለመቅመሻ አይከፍልም።»

«ይመርራል ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«የሚመርረው ወንዝ ያልሰነበተው ነው። የኔው ሳምንት ሙሉ ላህ ውስጥ ከርሟል። አፈር ስሆን፣ አንዲት ጭብጥ!»

ቅርፊቱን ገፍፌ ወደ አፌ ጣልሁት። ጨው ተነስንሶበታል፤ ጥርስ ላይ ጠንከር ይላል፣ ሲታኘክ ቅባት ያለው ጣዕም ይለቃል፣ በመጨረሻ ምላስ ጫፍ ላይ ትንሽ ምሬት ይቀራል። ያቺ ምሬት ሌላ ፍሬ እንዳነሣ ጠራችኝ። በብርጭቆ እየሰፈሩ በወረቀት ጠቅልለው ሸጡልኝ፤ ምራቂውም ከተገዛው አላነሰም።

ግብጦ የምዕራብ ጎጃምና የአዊ ገበሬ የቆየ ሀብት ነው። ሌላ እህል እምቢ በሚልበት በደከመና አሲዳማ በሆነ መሬት ላይ ይበቅላል፤ ማዳበሪያ አይጠይቅም፤ እንዲያውም ከአየር የወሰደውን ናይትሮጅን ለአፈሩ ትቶለት ይሄዳል። ፍሬው ውስጥ ያለው አልካሎይድ የተባለ መራራ ንጥረ ነገር ከብት እንዳይደፍረው ይጠብቀዋል። ሰውንም ቢሆን በጥሬው የበላውን ይመርዛል። አልካሎይዱ ግን ውኃ ውስጥ ይሟሟል። ስለዚህ ሴቶቹ ግብጦውን ይቆሉታል፣ በጆንያ ያስሩታል፣ ጎርፍ እንዳይወስደው ድንጋይ ጭነው በሚፈስ ወንዝ ውስጥ ለቀናት ያኖሩታል። በየቀኑ እየቀመሱ የምሬቱን መቀነስ ይከታተላሉ። ሲበቃው አውጥተው ለገበያ ያቀርቡታል። ከፍሬው ክብደት ሲሶ ያህሉ ፕሮቲን ነው፤ ሥጋ አልፎ አልፎ ብቻ በሚቀመስበት ቤትና በጾም ወራት ይህ ትልቅ ነገር ነው። በአንዳንድ ቤት ለሽሮም ይፈጫል፣ አረቄም ይወጣበታል። ይህን ያህል ዕውቀት የሚጠይቅ ምግብ «የድኻ» ተብሎ መታለፉ ያሳዝነኛል። መርዙን ከምግቡ በወንዝ የመለየት ጥበብ ከእናት ወደ ልጅ እየተላለፈ እዚህ የደረሰ ነውና ክብር ይገባዋል።

በዚያው ከተማ በአንድ ጠላ ቤት ምሳ በላሁ። ከበሩ በላይ የተሰቀለው ጣሳ ካልሆነ በቀር ሌላ ማስታወቂያ የለውም። የቀረበልኝ ዳጉሳ የተቀላቀለበት የጤፍ እንጀራ ነው፤ ጠቆር ብሎ ወደ ቀይነት ይላል፣ ከነጭ ጤፍ ይልቅ ሆድ ይይዛል። ባለቤቷ ምጣዱን በጎመን ዘር ታሰሳለች፤ ሽታው እንጀራው ላይ ይቀራል። ወጡ የባቄላ ሽሮ ነበር፣ ጎኑ ላይ ድልህ። ጠላው የዳጉሳና የበቆሎ ነው፤ ጌሾው በርትቶበታል። ከጎኔ የተቀመጡት አዛውንት ሳልጠይቃቸው ጠቅልለው አጎረሱኝ፤ አንድ ጉርሻ ያጣላል ብለው ሁለተኛውን አስከተሉ። ሂሳብ ስጠይቅ የነገሩኝ ዋጋ መናኸሪያው አጠገብ ለቁርስ ከከፈልሁት ያነሰ ነው።

ከፍኖተ ሰላም ወደ ቡሬ ስንሄድ ማንኩሳን እናልፋለን። የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ያነበበ ሁሉ ስሟን ያውቃታል፤ ታሪኩ የሚጀምረው እዚያ ነው። ከመንገዱ ግራና ቀኝ የተሰጣው በርበሬ መሬቱን አቅልቶታል። ጃቢ ጠህናን፣ ቡሬና ወንበርማ በርበሬ አብቃይ ወረዳዎች ናቸው፤ አዲስ አበባ ወጥ ውስጥ የሚገባ ድቁስም ከዚህ ይነሣል። ሹፌሩ መስኮት ሲከፍት ተሳፋሪው ሁሉ አነጠሰ፤ «ይማርህ» «ይማርሽ» እየተባባልን ቡሬ ገባን።

ቡሬ ከአዲስ አበባ 410 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ያለች የንግድ ከተማ ናት። አንዱ መንገድ ወደ ባሕር ዳር፣ ሌላው ዓባይን ተሻግሮ ወደ ነቀምት ይወስዳል። ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ፋብሪካም ይዛለች፤ የተቀናጀው አግሮ ኢንዱስትሪ ፓርክ እዚህ ነው፤ ፊቤላ የተባለው የምግብ ዘይት ፋብሪካም በ2013 ዓ.ም ተመርቋል። የገጠሩ ቤት ግን አሁንም የኑግ ዘይቱን ያውቃል፤ ኑጉ ተቆልቶ ሲወቀጥ ሽታው መንደሩን ያዳርሳል።

የቡሬውን ገበታ የማስታውሰው በረቡዕ ጾሙ ነው። ያሳደረኝ ቤተሰብ በያይነቱን ሲያቀርብ በመሐል አንዲት ቢጫ፣ ለስላሳ ነገር አደረጉበት፤ ስልጆ ነው። የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውኃ ይገነፋል፣ ሲቀዘቅዝ ሰናፍጭ፣ ነጭ ሽንኩርትና ዝንጅብል ገብቶበት ለቀናት ይብላላል። ኮምጠጥ ይላል፣ ከዚያ ሰናፍጩ አፍንጫ ውስጥ ይወጣል። የቤቱ እመቤት ስልጆ በደንብ የሚበላው ዓቢይ ጾም ሲገባ እንደሆነ ነገሩኝ። «ያን ጊዜ ብትመጣ ጠግበህ ትበላ ነበር፤ ይኼ ማስለመጃ ነው» አሉኝ። ከጾሙ በኋላ የሚመጣውን ሲያስቡ ደግሞ ስለ ቅቤው፣ ስለ እርጎውና ስለ ነጩ ማር አወሩኝ። የጎጃም ማርና ቅቤ ስማቸው አገር ያዳረሰ ስለሆነ የእኔ ምስክርነት አያስፈልጋቸውም፤ በማግሥቱ የቀመስሁት ብርዝ ግን ማር እንዳለ በውኃ የተበጠበጠ፣ ገና ያልሰከረ፣ ለልጅም ለአዋቂም የሚሆን መጠጥ ነው። ጠጅ ቤት የሚገባ ሰው እሱንም ይጠይቅ።

ከቡሬ ወደ ቲሊሊ፣ ከቲሊሊ ደግሞ አስፋልቱን ትቶ ወደ ሰከላ ሲወጣ በቆሎው እየራቀ ገብሱ እየቀረበ ይሄዳል። ብርዱ ይጠናል፣ ጋቢ ይፈለጋል። የግሽ ተራራ ከዚህ ነው፤ ከሥሩ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚፈልቀው ምንጭ ግልገል ዓባይን ይወልዳል፣ ግልገል ዓባይ ወደ ጣና ይገባል። ፔድሮ ፓኤዝ በ1618፣ ጄምስ ብሩስ በ1770 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር) የዓባይን ምንጭ አየን ብለው ለዓለም የጻፉት እዚህ ደርሰው ነው። ብሩስ ምንጩን በኮኮናት ቅል ቀድቶ ለራሱ አገር ንጉሥ ጤና እንደ ጠጣ ጽፏል። የአገሩ ሰው ግን ከእነሱ አስቀድሞ ቦታውን በጸበልነቱ ያውቀው ነበር፤ አቡነ ዘርዓ ብሩክም እዚህ ይታሰባሉ።

ወደ ምንጩ የሚቀርብ ሰው ጫማውን ያወልቃል፤ ምግብም አይቀምስም። ለመብላት የመጣሁ ሰው በተራራው ሥር መጾም ነበረብኝ። ያ ጾም የጉዞዬን ሁሉ ምግብ ትርጉም ሰጠው። ጸበሉን ጠጥቼ ከወጣሁ በኋላ ወደ ግሽ ዓባይ ከተማ ተመልሼ በአንድ ትንሽ ቤት ምድጃ ዳር ተቀመጥሁ። ከነልጣጩ የተቀቀለ ድንች በሰፌድ መጣ፤ በእጅ ተልጦ፣ በጨውና በድልህ እየተጠቀሰ ይበላል። ድንች ኢትዮጵያ የገባው በ19ኛው መቶ ዘመን ነው፤ ያስገባውም ሺምፐር የተባለው ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ እንደሆነ ይነገራል። ለዚህ ደጋ ግን አሁን እንግዳ አይባልም፤ የእህሉ ጎተራ በሚጎድልባቸው ወራት ቤተሰቡን የሚያሻግረው እሱ ነው። ቀጥሎ የገብስ ዳቦ ከገብስ ጠላ ጋር ቀረበ። ከጾም በኋላ፣ በብርድ፣ በጭስ መካከል የበላሁት ያ ድንች ከጉዞው ምግብ ሁሉ ይበልጥብኛል።

ግሽ ላይ ቁጭ ብዬ ስለ ግብጦው አሰብሁ። ይኸው እህል በግብፅም አለ። እዚያ ተርሚስ ይሉታል፤ እንደ ጎጃሙ በውኃ ዘፍዝፈው ምሬቱን ያስለቅቁታል፣ ጨው ነስንሰው በጎዳናና በወንዙ ዳር ይሸጡታል፣ በበዓል ቀንም ቤተሰብ ተሰብስቦ ይቆረጥመዋል። የወንዙ ራስና እግር ስለ ውኃው ለረጅም ዘመን ሲከራከሩ፣ ሁለቱም በዚያው ውኃ አንድ ዓይነት ፍሬ እያጣፈጡ ይበላሉ።

ሌላም ተራራ ትዝ አለኝ። ከጃፓኑ ፉጂ ተራራ በስተ ሰሜን ያማናሺ የሚባል አውራጃ አለ። ምድሩ ብርዳማና ተራራማ ስለሆነ ሩዝ እንደ ልብ አይበቅልበትም ነበር። ገበሬዎቹ የስንዴ ሊጥ ሰፋ ሰፋ አድርገው እየቆረጡ ከዱባና ከአትክልት ጋር በሚሶ መረቅ ቀቅለው ይበሉ ነበር፤ ሆቶ ይባላል። ሚሶውም እንደ ስልጆ ከተብላላ ጥራጥሬ የሚሠራ ነው። ያ ሩዝ ያጣ ሰው ምግብ ዛሬ በተራራው ዙሪያና በካዋጉቺ ሐይቅ ዳር ባሉ ምግብ ቤቶች ደጃፍ በትልቁ ተጽፎ ይታያል፤ ከነትኩስ ብረት ድስቱ ይቀርባል። በ2007 (እ.ኤ.አ.) የጃፓን ግብርና ሚኒስቴር ባስመረጠው የገጠር ምግቦች ዝርዝር ውስጥም ገብቷል። ፉጂን ሊያይ የመጣ ሰው ሆቶ ሳይበላ ቢመለስ ጉዞው የጎደለ ይመስለዋል። ገበሬውም፣ ባለ ምግብ ቤቱም፣ አውራጃውም ከዚያ ይጠቀማሉ።

ምዕራብ ጎጃም የሚጎድላት ምግቡ አይደለም። ግብጦው፣ ስልጆው፣ የዳጉሳ እንጀራው፣ የደጋው ድንችና ብርዙ ሁሉም አሉ፤ ያልተጻፉት ምግብ ቤቱ ግድግዳ ላይ ባለው ዝርዝር ነው። ግብጦን በንጹሕ ውኃ አጣፍጦ፣ አሽጎ የሚሸጥ አንድ አነስተኛ ፋብሪካ ለቡሬው ፓርክ የሚከብድ ሥራ አይመስለኝም፤ በወንዝ ዳር የሚደክሙት ሴቶችም ዕውቀታቸውን ይዘው ከነሙሉ ድርሻቸው ሊገቡበት ይገባል።

ይህን ጉዞ ያደረግሁት መንገዱ ሰላም በነበረበት ወቅት ነው። በ2015 ዓ.ም ክረምት የተነሣው የትጥቅ ግጭት በዚህ አካባቢ ከባድ ዋጋ አስከፍሏል። ያጎረሱኝን አዛውንት፣ ያሳደሩኝን ቤተሰብ፣ ግብጦ ያስቀመሱኝን እናት በየቀኑ አስባቸዋለሁ፤ ገበያቸው በሰላም እንዲቆም፣ ወንዛቸው ዳር ያለ ሥጋት እንዲወርዱ እጸልያለሁ።

መንገዱ ሲቀና የሚሄድ ሰው ይህን ይያዝ። መስከረም ላይ ከሆነ እሸት በቆሎው ከመንገድ ዳር ተጠብሶ ይጠብቀዋል። በጥር ጠላውና በርበሬው አሉ፤ በወሩ 13ኛው ቀን የሚውለው የአቡነ ዘርዓ ብሩክ በዓልም ግሽ ላይ ይከበራል፤ ወደ ጸበሉ ለመቅረብ ሳይበሉ ይሂዱ። በዓቢይ ጾም ስልጆ ይጠይቁ። ግብጦ በገበያና በአረቄ ቤት ይገኛል። በየትኛውም ምግብ ቤት ሲቀመጡ ግን አስተናጋጇን እናቷ ቤት ምን እንደሚበላ ይጠይቋትና እሱን ይዘዙ። ደጋግሞ የሚጠይቅ እንግዳ ካለ፣ ባለ ምግብ ቤቱ ያን ምግብ ዝርዝሩ ላይ መጻፉ አይቀርም።