ዜማን በዓይን ማየት

በተማሪነቴ የአምስት መስመር ኖታ ማንበብ ስላቃተኝ መዝሙር መማሬን ልተወው ተቃርቤ ነበር። አንድ ቀን መሪጌታ የነበሩት አጎቴ ድጓቸውን ገልጠው፣ በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በአዛዥ ጌራና በአዛዥ ራጉኤል የተዘጋጁትን፣ ከፊደላቱ በላይ የሰፈሩትን ጥቃቅን ምልክቶች አሳዩኝ። ድፋት ድምፅን ዝቅ፣ ቅናት ደግሞ ከፍ ያደርጋል። «ልጄ፣ ምልክት ለሰማ ሰው ማስታወሻ ነው» አሉኝ።

በማግሥቱ ከመዝሙራችን ስንኞች በላይ እንደ ዜማው የሚወጣና የሚወርድ መስመር ሠራሁ። የማውቀውን ዜማ በሚገባ አስታወሰኝ፤ ድምፁ ምን ያህል እንደሚወጣ ግን አልነገረኝም። ሰምቼው የማላውቀውን ዜማ ለማንበብ ወደ ኖታው ተመለስሁ፤ በዚህ ጊዜ ግን አልፈራሁትም።

አንተም ኖታ ቢከብድህ ተስፋ አትቁረጥ፤ አስቀድመህ አድምጥ፤ የሰማኸውንም በገባህ ምልክት ጻፈው።