ዝንብና ፈንግል

ፈንግል የተባለው የዶሮ በሽታ በገባበት ሰፈር ደጋግሜ የማየው ነገር አለ፦ የሞተች ዶሮ ከአጥር ውጭ ተጥላ፣ ዝንብ ዓይኗንና አፏን ወርሮት። ልጋጓን መጥጠው የተነሱት ዝንቦች ጎረቤት ግቢ ገብተው ለጫጩት በተበተነ ጥሬ ላይ ያርፋሉ። የሞተችው ዶሮ ባለቤት ግቢዬን አጸዳሁ ይላል፤ በሽታውን ግን ለመንደሩ አካፍሏል።

*

የቤት ዝንብ አትናከስም። ደረቅ ምግብ ላይ ስታርፍ ምራቋን አፍስሳ ታሟሟውና ትመጠዋለች። ባረፈችበት ታስመልሳለች፣ ትጸዳዳለችም። ስለዚህ የፈንግል ቫይረስ በእግሯ ብቻ ሳይሆን በሆዷም ይጓዛል። ሆዷ ውስጥ ግን አይራባም፤ የምታደርሰው እኛ ሳንሸፍን የተውነውን ነው።

*

እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 ደቡብ ካሊፎርኒያ ውስጥ ፈንግል ተነስቶ ከ3 ሚሊዮን በላይ ዶሮዎች ተወግደዋል። ተመራማሪዎች በሽታው ከነበረባቸው ቦታዎች ዝንብ ሰብስበው ቫይረሱን አገኙበት። በቤተ ሙከራም ቫይረሱ በዝንብ ሆድ ውስጥ እስከ 3 ቀን እንደሚቆይ ታይቷል። አንዲት ዝንብ የምትይዘው መጠን ዶሮ ለማሳመም ላይበቃ ይችላል። የሚያስፈራው መንጋው ነው።

*

ዶሮ ዝንብ አይታ አታልፍም። አንገቷን ሰገግ፣ ሁለት እርምጃ፣ ለቀም! አርቢው ቀለብ አገኘች ብሎ ይደሰታል። ታይላንድ ውስጥ በወፍ ጉንፋን ላይ በተደረገ ሙከራ ግን የጉንፋኑን ቫይረስ የያዙ ዝንቦችን የበሉ ዶሮዎች ታመው ሞተዋል።

*

የዝንብ መፈልፈያ እርጥብ ኩስ ነው። አንዲት ዝንብ በአንድ ጊዜ 100 ያህል እንቁላል ትጥላለች፤ በሞቃት ወቅት 10 ቀን ገደማ ውስጥ እንቁላሉ ክንፍ ያወጣል። መድኃኒት መንፋት የሚበርሩትን ይገድላል፣ እጩ ግን ከጉዝጓዙ ሥር ይቀራል። የሚያንጠባጥበውን የውሃ መጠጫ መጠገንና የራሰውን ጉዝጓዝ አውጥቶ በደረቅ መተካት ከመርጨት ይቀድማል።

*

ጥፋቱን ሁሉ ዝንብ ላይ መጫን ግን ራስን ማታለል ነው። ፈንግልን በዋናነት የምታዛምተው የታመመችው ዶሮ ራሷ ናት። አንገቷ መጠማዘዝ ሲጀምር «ሳትሞት ልሽጣት» ብሎ ገበያ የሚያወጣት ሰው በሽታውን ዝንብ ከምትደርስበት እጅግ የራቀ ቦታ ያደርሰዋል።

*

ቢሾፍቱ ያለው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት የፈንግል ክትባት ያመርታል። ክትባቱ ገጠር ድረስ መድረስ አለበት፤ አምስት ዶሮ ላላት እናት አምስቱም የልጅ ደብተርና የቤት ጨው ናቸው። ክትባት ይዞ የሚሄደው ባለሙያ ግን ጠብታውን ዓይን ውስጥ ጠብ አድርጎ ብቻ አይመለስ። የሞተች ዶሮ በምን ያህል ጥልቀት እንደምትቀበርም አካፋ ይዞ ያሳይ።