ማር ይስሐቅን ያነበብኩላቸው መምህር

እናቴ መጽሐፈ መነኮሳትን ትፈራ ነበር። በሰፈራችን የምትፈራው እሷ ብቻ አልነበረችም። ማር ይስሐቅን፣ ፊልክስዩስንና አረጋዊ መንፈሳዊን ያዘወተረ ወጣት ትዳሩም ሥራውም ያስጠላዋል፣ አንድ ቀን ማንንም ሳይሰናበት ገዳም ይገባል ይባል ነበር። በ1974 ዓ.ም. የሰፈራችንን የኔታ ዓይናቸውን ሞራ ሲጋርደው ማታ ማታ እየሄድኩ እንዳነብላቸው እናቴን ለመኗት። እሷ በመጀመሪያ የጠየቀችው የመጽሐፉን ስም ነው። «ዳዊት ከሆነ ይምጣ» አለች። የኔታ ግን «ዳዊቱን እኔ በቃሌ እደግመዋለሁ፤ እሱ ማር ይስሐቅን ያንብብልኝ» አሏት። ለእሳቸው እምቢ ማለት ከበዳትና ፈቀደች።

ያን ጊዜ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ቀን ቀን ከሞስኮው ፕሮግሬስ ማተሚያ ቤት በአማርኛ ታትመው የሚመጡትን የማርክሲዝም መጻሕፍት በውይይት ክበብ እናነባለን። ማታ ደግሞ ጉለሌ፣ በአንዲት ጭቃ ቤት መደብ ላይ ተቀምጬ፣ በሰባተኛው መቶ ዓመት የኖረ አንድ መነኩሴ ስለ ጸሎት ያስተማረውን አነባለሁ። ሁለቱ ንባቦች በአንድ ልጅ ውስጥ እንዴት አብረው ሊኖሩ ቻሉ ብለው የሚጠይቁኝ አሉ። ኖሩ። በቀኑ ንባብ ምዕራፉን ቶሎ ጨርሰን መልሱን እንድንናገር ይፈለግ ነበር። በማታው ግን አንድ መስመር አንድ ሰዓት ሲያስቀምጠን ማንም አይቸኩልም፤ የሚያስቸኩለኝ ሰዓት እላፊው ብቻ ነበር።

መጽሐፉ አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ካሳተሟቸው ባለ አንድምታ መጻሕፍት አንዱ ነው። ጥቂት የግዕዝ ቃላት ይመጣሉ፤ ከሥራቸው የአማርኛው ትርጓሜ ይከተላል፤ ከዚያ ታሪኩ፣ ከዚያ ሐተታው፣ ከዚያም «አንድም» እያለ ሌላ ፍች፣ ደግሞም ሌላ። የኔታ ግዕዙን ጎጃምና ጎንደር ሲማሩ ስለያዙት እኔ ስጀምረው እሳቸው ይጨርሱታል። ተነሹን በወዳቂ፣ ሰያፉን በተጣይ ካነበብኩት በመቋሚያቸው መሬቱን መታ ያደርጋሉ፤ ቃሉን እንደገና አነሣዋለሁ። ይበልጥ የሚፈልጉት ግን አማርኛውን ነበር። «ግዕዙ የትም አልሄደብኝም፤ የመምህራኑ ቃል ነው እያመለጠኝ ያለው» ይሉ ነበር። በሁለት «አንድም» መካከል አቁመውኝ፣ «ይህኛውን እኔ የተማርኩት እንዲህ ነው» ብለው በመጽሐፉ የሌለ ሦስተኛ ይጨምራሉ። የታተመው መጽሐፍና የእሳቸው መምህር ሳይስማሙ ሲቀሩ አንዱን አይጥሉም። ሁለቱንም በየስማቸው ያኖሯቸዋል።

ከጎናችን የ1954ቱ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ሳይከፈት ንባብ አይጀመርም። ማር ይስሐቅ አንድ የመጽሐፍ ቃል በጠቀሰ ቁጥር ቦታውን ፈልጌ ከላዩም ከታቹም እንዳነብ ያዙኛል። «ማን ነው የተናገረው? ለማን? ምን ሲሆን?» ይሉኛል። እነዚህን ሦስት ጥያቄዎች ሳይመልሱ ወደ ምሥጢር መግባት አይወዱም ነበር። በኋላ ዘመን ስለ መጽሐፍ ቅዱስ አጠናን የተጻፉ ብዙ መጻሕፍት ገዝቻለሁ፤ በሠንጠረዥ በሥዕል ያስረዱ ይሆናል እንጂ ከሦስቱ ጥያቄዎች ብዙም ሲርቁ አላየሁም።

ስለ ጸሎት የተጻፈ መጽሐፍ ከጸሎት መጽሐፍ እንደሚለይ የገባኝ እዚያ ነው። ውዳሴ ማርያምን ከልጅነቴ ጀምሮ በየዕለቱ ከፍዬ ደግሜአለሁ። ሲደገም ሐሳቤ ወዴት እንደሚሄድ፣ ለምን እንደሚሄድ፣ ሲሄድብኝ ምን ማድረግ እንዳለብኝ ግን የነገረኝ አልነበረም። ማር ይስሐቅ የሚያወራው ስለዚያ ነው። ልብ ሲደርቅ፣ እንቅልፍ ሲጫን፣ ሐዘን ሳይኖር እንባ ሲመጣ፣ በመጨረሻም ቃል አልቆ ሰው ዝም ሲል ምን እንደሆነ አንድ በአንድ ይናገራል። መምህራኑ ከዚህ ተነሥተው አሥር መዓርጋት ይቈጥራሉ። ጽማዌ፣ ልባዌና ጣዕመ ዝማሬ የንጽሐ ሥጋ ናቸው፤ አንብዕ፣ ኩነኔ፣ ፍቅርና ሑሰት የንጽሐ ነፍስ፤ ንጻሬ መላእክት፣ ተሰጥሞና ነጽሮተ ሥሉስ ቅዱስ የንጽሐ ልቡና። እኔ ቶሎ ወደ ላይኞቹ መድረስ ፈለግሁ፤ ስለ ተሰጥሞ እየደጋገምኩ ጠየቅኋቸው። የኔታ ግን ወራት ሙሉ ከጽማዌ አላሳለፉኝም። የዝምታ መዓርግ ናት። «አፍህ ዝም ሳይል ልብህ ምን ይሰማል?» አሉኝ፤ በማግስቱም ያንኑ ገጽ አስነበቡኝ። እዚያ ገጽ ላይ መቆየታችን ያን ጊዜ አናደደኝ፤ ዛሬ ከዚያ ሁሉ ንባብ በቃሌ ያለው እሱ ብቻ ነው።

እናቴ በዐቢይ ጾም አንድ ማታ እንዝርቷንና ጥጧን ይዛ ተከትላኝ መጣች። ልትጠብቀኝ ነው የመጣችው፤ ሳልመንን በፊት ልትደርስብኝ። በሩ አጠገብ ተቀምጣ እየፈተለች ሰማች። በማግስቱም መጣች። ስለ አንብዕ ያለው ክፍል ሲነበብ እንዝርቷን አቆመች። «የኔታ፣ እኔ ቤት ውስጥ ሥራ እየሠራሁ ነው የምጸልየው፤ ይህ መጽሐፍ ለእኔ ነው?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሴት ወይዘሮ ጉባኤ ላይ እንዲህ ስትጠይቅ ሰምቼ አላውቅም። የኔታ ትንሽ ቆዩና፣ የበረሃ አባቶችም ሰሌን እየታቱ፣ እንቅብ እየሰፉ ይጸልዩ እንደነበር አወሩላት። ከመጽሐፉም «ይህን ለእናትህ ድገምላት» ብለው ያሳለፍነውን ክፍል አስመለሱኝ። ከዚያ በኋላ የመጽሐፉን ፍርሃት ከአፏ አልሰማሁም። መንኜ እንዳልሄድ ሳይሆን ንባቡን እንዳላቋርጥ ትቆጣኝ ጀመር።

በ1978 ዓ.ም. ለትምህርት ወደ ሞስኮ፣ ፓትሪስ ሉሙምባ ዩኒቨርሲቲ ተላክሁ። ፖድፋክ የምንለው የቋንቋ መሰናዶ ዓመት አልፎ ሩሲያኛው እየገባኝ ሲሄድ የዶስቶየቭስኪን «ወንድማማቾች ካራማዞቭ» በመዝገበ ቃላት እየተረዳሁ ማንበብ ያዝኩ። እዚያ ውስጥ ግሪጎሪ የሚባል ሽማግሌ አሽከር አለ። ይህ ሰው የአባ ይስሐቅ ሶርያዊን ድርሳን ይዞ ለዓመታት ያነባል፤ ብዙም ሳይገባው ይወደዋል። ገጹን ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ አነበብኩት። የእኛ ማር ይስሐቅ! ጉለሌ በኩራዝ ብርሃን የተውኩት መነኩሴ በሩሲያ ልብ ወለድ ውስጥ፣ በአሽከር ክፍል ተቀምጦ ጠበቀኝ። ወደ ታሪኩ መጨረሻም ገዳዩ ስሜርዲያኮቭ የሰረቀውን ገንዘብ ለኢቫን ሲያሳይ ብሩን የሚሸፍንበት መጽሐፍ እሱው ነው። ዶስቶየቭስኪ ያን መጽሐፍ እዚያ ያስቀመጠው በዋዛ አይመስለኝም።

ደስታዬን ለአንዲት አሮጊት የሩሲያኛ መምህራችን ነገርኳት። ጊዜው የሃይማኖት መጽሐፍ በሱቅ የማይሸጥበት ነበር። ምንም አልመለሰችልኝም። ከሳምንታት በኋላ ቤቷ ሻይ ጠራችኝና ከልብስ ሣጥኗ በጨርቅ የተጠቀለለ መጽሐፍ አወጣች። በ1911 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የታተመ የይስሐቅ የሩሲያኛ ትርጉም ነው። ከቤት እንዳላወጣው፣ እዚያው ተቀምጬ ግን የፈለግሁትን ያህል እንዳነብ ፈቀደችልኝ። የአያቷ ነበር።

በዚያ መጽሐፍ መቅድምና በኋላ ባገኘኋቸው ሌሎች ጽሑፎች የሰውየውን ሕይወት ተማርኩ። ይስሐቅ የተወለደው ቤት ቃጥራዬ በሚባለው አገር፣ ዛሬ ቀጠር በምንላት አካባቢ ነው። የነነዌ ኤጲስ ቆጶስ ሆኖ ተሾመ፤ በአምስት ወሩ ሹመቱን ትቶ ወደ ተራራ ገባ። ከንባብና ከተጋድሎ ብዛት ዓይኑ ጠፋ፤ ትምህርቱን ደቀ መዛሙርቱ ጻፉለት። ይህን ሳነብ የመምህሬ ፊት መጣብኝ። የጻፈው በሱርስት ነው፤ ፍልስጥኤም ባለው በማር ሳባ ገዳም መነኮሳት ወደ ጽርእ መለሱት፤ ወደ ዓረብኛም ተመለሰ፤ ከዓረብኛው ወደ ግዕዛችን መጣ፤ ከግዕዙ መምህራኑ በአማርኛ አመሠጠሩት። ከሁሉ ያስደነገጠኝ ቤተ ክርስቲያኑ ናት። ይስሐቅ የምሥራቅ ቤተ ክርስቲያን ሰው ነበር፤ የእኛ ሊቃውንት ንስጥሮሳዊት ብለው የሚለዩአትና የሚያወግዟት። ግሪኩም፣ ሩሲያውም፣ ግብጹም፣ ሐበሻውም በጉባኤ እየተለያዩ የጸሎትን ነገር ከዚህ ሰው ተማሩ።

ይህን ለየኔታ ልጻፍላቸው ወይስ ልተወው ብዬ ብዙ አሰብኩ። ጻፍኩላቸው። ወደ አዲስ አበባ በሚሄድ ተማሪ እጅ ላክሁት፤ ከደብዳቤውም ጋር ከሩሲያኛው አንድ ክፍል ወደ አማርኛ መልሼ አያያዝኩ። ርኅሩኅ ልብ ምን እንደሆነ የሚናገረው ክፍል ነው፤ ይስሐቅ በዚያ ላይ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለአዕዋፍ፣ ለአራዊት፣ ለሚሳቡ ፍጥረታት፣ ለአጋንንት ሳይቀር በእንባ ስለሚለምን ሰው ይናገራል።

መልሱ በዲያቆን እጅ ተጽፎ መጣ። ስለ ቤተ ክርስቲያኑ የተናገሩት አንድ ዐረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ «ይህን መምህሬም ያውቁ እንደሆነ አላውቅም፤ ሲያስተምሩን ግን ቆመው ነበር» ይላል። የቀረው ገጽ ሁሉ በላክሁት ክፍል ላይ ያደረጉት ትርጓሜ ነው። አጋንንት ያለው ራሳቸውን ነው፤ ሲፈጠሩ መልካም ነበሩና ስለ ወደቁበት ያለቅሳል። አንድም ርኩስ መንፈስ ያደረበትን ሰው ነው። አንድም ክፉ ያደረገብህን፣ ስሙን ስትሰማ ደምህ የሚፈላበትን ሰው ነው፤ ለእሱ ከለመንክ ለሌላው አይከብድህም። ከታች ደግሞ ትእዛዝ አለ፦ «በእነርሱ መጽሐፍ ያለ፣ በእኛ የሌለ ምዕራፍ ካለ ገልብጠህ ላክልኝ።»

ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ መጨረሻ ከአሮጊቷ ቤት አልጠፋሁም። ግዕዙ በእጄ ስላልነበረ የትኛው በእኛ እንዳለ የትኛው እንደሌለ ለይቼ ማወቅ አልቻልኩም፤ ስለዚህ ያገኘሁትን ሁሉ እየመለስኩ ሰው ሲገኝ ላክሁ። እንደ አውሮፓ በ1988 ሩሲያ የተጠመቀችበትን ሺኛ ዓመት ስታከብር ነገሩ ላላ፤ አሮጊቷም መጽሐፉን ከሣጥን አውጥታ መስኮቱ አጠገብ አደረገችው። የኔታ በ1982 ዓ.ም. አረፉ። የመጨረሻው ጥቅል ደረሰላቸው፤ ዲያቆኑ ሁለት ጊዜ እንዳነበበላቸው እናቴ ነገረችኝ።

ያዘዙኝ ምዕራፍ መኖሩን ያወቅሁት ግን ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። እኛ ጉለሌ ከጽማዌ ገጽ አንላቀቅ ባልንበት ሰሞን፣ እንደ አውሮፓ በ1983፣ ሰባስቲያን ብሮክ የሚባሉ የሱርስት ሊቅ ኦክስፎርድ ባለው በቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት አንድ ብራና ሲመረምሩ ጠፋ ሲባል የኖረውን የይስሐቅን ሁለተኛ ክፍል አገኙ። በ1995 ከእንግሊዝኛ ትርጉሙ ጋር ታተመ። አምስተኛው ምዕራፍ ስለ ጸሎት ማስተማሩን ትቶ ራሱ ጸሎት ይሆናል፤ ረጅም ነው፤ ይስሐቅ በራሱ ቃል ሲለምን የምንሰማበት ነው። አሁን እሱን ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው፤ ሱርስት የሚያውቅ አንድ ቄስ ከብራናው ንባብ ጋር እያስተያየ ያርመኛል። አንዳንድ ቃል ላይ እሱና እንግሊዝኛው አይስማሙም። ሁለቱንም እጽፋቸዋለሁ፤ በመካከላቸው «አንድም» እያልኩ።