አሮጌዋ ላፕቶፕና የአባቴ ዘጠኝ ገጽ

«የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች» የሚለውን ተረት ሁላችንም እናውቀዋለን። እኔም በቅርቡ ያንኑ ልሠራ ትንሽ ነበር የቀረኝ። ነገሩ የአንዲት አሮጌ ላፕቶፕ ጉዳይ ስለሆነ ለጋዜጣ ዓምድ የማይበቃ ይመስል ይሆናል። ነገር ግን ከናንተም መካከል ብዙዎቻችሁ እንደኔዋ ያለች ማሽን ከአልጋችሁ ሥር ወይም ጋራዣችሁ ውስጥ ሳትኖራችሁ አትቀርምና ብነግራችሁ ይሻላል።

ላፕቶፗን የገዛኋት እ.ኤ.አ. በ2009 ነው። ጊዜው እንዲህ ያሉት ትንንሽ ላፕቶፖች ገበያውን ያጥለቀለቁበት ነበር። ስክሪኗ አሥር ኢንች፣ ሜሞሪዋ አንድ ጊጋባይት፣ ጉልበቷም እንደ መጠኗ ነው። ዊንዶውስ ቪስታ ለእንደነዚህ ዓይነቶቹ ስለሚከብድ የተጫነባት ከሱ በፊት የነበረው ዊንዶውስ ኤክስፒ ነበር። እኔም ከአገር ስወጣ በሻንጣዬ የያዝኩትን ሲዲ አስገብቼ፣ አዲስ አበባ በጋዜጣችን ቢሮ እንጽፍበት የነበረውን የአማርኛ ፕሮግራም ጫንኩባት። የጋዜጠኝነት ዘመኔ ጽሑፍ ሁሉ፣ 214 ፋይል፣ እሷው ላይ ተጠራቀመ።

ማይክሮሶፍት ለኤክስፒ ይሰጥ የነበረውን ጥገና እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 8 ቀን 2014 አቆመ። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፗን ከኢንተርኔት ጋር ማገናኘት ሌሊት በር ከፍቶ እንደ መተኛት ሆነ። ውሎ አድሮ ድረ ገጾቹም አንከፍትልሽም አሏት። ስለዚህ ቁም ሣጥን ውስጥ አስቀመጥኳት። በዓመት አንድ ቀን፣ አባቴ ያረፈበት ዕለት ሲደርስ፣ አውጥቼ እከፍታት ነበር።

ምክንያቱን ልናገር። በ1996 ዓ.ም. ክረምት ስለ ምድር ባቡር ሠራተኞች ተከታታይ ጽሑፍ ሳዘጋጅ፣ ለገሃር 31 ዓመት የሠራውን አባቴን ቁጭ አድርጌ በካሴት ቀዳሁት። አባቴ ስለ ራሱ የማያወራ ሰው ነበር። ለልጁ ያልነገረውን ግን ያን ዕለት ለጋዜጠኛው ነገረው። ቃሉን ከካሴቱ ገልብጬ ዘጠኝ ገጽ ጻፍኩ። ጽሑፉ ተራው ሳይደርስ የ1997ቱ ምርጫ መጣ፤ ከዚያ በኋላ የሆነውን እናንተም ታውቁታላችሁ። በ1998 ዓ.ም. ጥቅምትና ኅዳር ጋዜጦች ተዘጉ፣ ጋዜጠኞች ታሰሩ፣ የተረፍነውም ተበተንን። ካሴቱም ቢሯችን በተበረበረ ጊዜ እንደወጣ ቀረ።

አባቴ በ2003 ዓ.ም. ሲያርፍ መርዶውን የሰማሁት እዚሁ ዳሊ ሲቲ ነው። የኦክላንድ ወዳጆቼ ገና ጉሙ ሳይገፍ በማለዳ መጥተው ነገሩኝ። አፈር አላለበስኩትም። የቀረኝ ያ ዘጠኝ ገጽ ነው።

ዘጠኙ ገጽ ደግሞ ከዚያች ላፕቶፕ በቀር በየትኛውም ኮምፒዩተር አይነበብም ነበር። ሌላ ኮምፒዩተር ገዝቼ ፋይሉን ገልብጬ ስከፍተው፣ የፈረንጅ ፊደል ከፐርሰንትና ከቅንፍ ጋር የተደባለቀበት ጠልሰም የመሰለ ነገር ወጣ። ወደ አንድ ጥገና ቤት ወስጄ ባሳይ፣ ባለሙያው «ፋይሉ ተበላሽቷል» ብሎ አሰናበተኝ። ጋዜጠኛ የነበርኩ ሰው ሁለተኛ ምንጭ ሳልጠይቅ አመንኩት። ከዚያ በኋላ ላፕቶፗ ዕቃ መሆኗ ቀረና ማንም እንዳይነካት የምጠብቃት አደራ ሆነች።

በቅርቡ ሳን ሆዜ የሚኖረው የእህቴ ልጅ ሊጠይቀኝ መጣ። እዚሁ ተወልዶ ያደገ፣ በኮምፒዩተር ሥራ የሚተዳደር፣ አማርኛ የሚሰማና የሚናገር ነገር ግን የማያነብ ልጅ ነው። ማይክሮሶፍት እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2025 ዊንዶውስ 10ንም ስላቆመ፣ የቤቴን ኮምፒዩተሮች ሊያይልኝ ፈልጎ ነበር። ቁም ሣጥኑ ውስጥ ያለችውን አየና ሳቀ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኮ ሙዚየም መግባት ነበረባት!»

ሲያስነሳት ሃርድ ዲስኳ ቀጭ፣ ቀጭ ይላል። ጆሮውን አስጠግቶ አዳመጠና፣ «ሳትሞት ሲስተሟን እንቀይረው። ሁሉንም ደምስሰን ሊኑክስ እንጫንባት» አለኝ።

«ደምስሰን» የሚለውን ቃል ስሰማ ከእጁ ነጠቅኩት። ልጁ ደነገጠ። ያኔ ነው ስለ አያቱ ዘጠኝ ገጽ የነገርኩት። ዝም ብሎ ሰማኝና ፋይሉን በሁለቱም ኮምፒዩተር ከፍቶ ጎን ለጎን ተመለከተ።

«ጋሼ፣ ምንም አልተበላሸም። የሌለው ፎንቱ ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚያ ዘመን የአማርኛ ፕሮግራሞቻችን የሚጠቀሙባቸው ፎንቶች እያንዳንዱን ምልክት በአንድ ባይት ያስቀምጡ ነበር፤ አንድ ባይት ደግሞ 256 መቀመጫ ብቻ ነው ያለው። የኛ 33 ሆሄያት በሰባት ሲባዙ ብቻ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹ፣ ቁጥሮቹና ነጥቦቹ ሲጨመሩ ከቦታው ይተርፋሉ። ስለዚህ የፕሮግራሞቹ ሠሪዎች የላቲኑን ፊደል ከመቀመጫው እያስነሱ የኛን አስቀመጡበት፤ ያውም እያንዳንዱ በየራሱ ቅደም ተከተል። አጋፋሪ ላይ የተጻፈ በፓወር ግዕዝ፣ በፓወር ግዕዝ የተጻፈም በቪዥዋል ግዕዝ እንዳለ አልነበብ ያለው ለዚህ ነው። ፋይሉ ውስጥ የተቀመጠው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩን ፊደል አድርጎ የሚያሳየው ፎንቱ ነው። ፎንቱ ከሌለ ማሽኑ የመቀመጫውን የቀድሞ ባለቤት፣ የፈረንጁን ፊደል፣ ያወጣል።

ይህን ስል የሠሪዎቹን ድካም ማቃለሌ አይደለም። እንደ አቶ ፍሥሐ አጥላውና ዶክተር አበራ ሞላ ያሉ በአሜሪካ የኖሩ ኢትዮጵያውያን ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ ቦታ ለማግኘት ብዙ ለፍተዋል። የጋራ መፍትሔ የተገኘው ዩኒኮድ የተባለው የዓለም ፊደላት መዝገብ እ.ኤ.አ. በ1999 በሦስተኛው እትሙ 345 የኢትዮጵያ ፊደላትና ምልክቶችን ሲያሰፍር ነው። መዝገቡን የሚያዘጋጀው ድርጅት በ1991 የተመሠረተውም እዚሁ ካሊፎርኒያ ነው። ከዚያ ወዲህ በዩኒኮድ «ሀ» የትም ብትሄድ ቁጥሯ 4608፣ «ለ» ደግሞ 4616 ነው። ማይክሮሶፍትም ከቪስታ ጀምሮ ኒያላ የተባለውን የአማርኛ ፎንት ከዊንዶውስ ጋር አብሮ ማቅረብ ያዘ። እኛ ግን በለመድነው ቀጠልን። የኔ 214 ፋይሎች ሁሉም ከ1999 በኋላ የተጻፉ ናቸው፤ አንዳቸውም ግን በዩኒኮድ አልነበሩም።

ልጁ በመጀመሪያ ያለውን ሁሉ በሁለት ፍላሽ ገለበጠ። ቀጥሎ ኤክስፒ ፎንቶቹን ከሚያስቀምጥበት ፎልደር ውስጥ የአማርኛዎቹን ስድስት ፋይሎች አወጣ። አዲሱ ኮምፒዩተር ላይ ጫናቸውና ጽሑፉን መልሶ ከፈተው። ጠልሰሙ ጠፋ፤ አባቴ የተናገረው ከነነጥቡ መጣ። የፈጀው ጊዜ ቡና ከመቁላት አይበልጥም። እኔ የጠበቅኩት ግን ዓመታት ነበር።

«በዚህ ብቻ አንተውም» አለኝ። «ፎንቱ ነገ ቢጠፋ ተመልሰን እዚያው ነን። ወደ ዩኒኮድ እናዙረው።»

ለዚህ ሠንጠረዥ ያስፈልግ ነበር፤ የትኛው ቁጥር የትኛው ፊደል እንደሆነ አንድ በአንድ የሚያሳይ። ፕሮግራም መጻፍ የሚችለው እሱ ፊደል አያውቅም፤ ፊደል የማውቀው እኔ ፕሮግራም አልችልም። ሁለት ቅዳሜ ከሳን ሆዜ በ280 እየነዳ መጥቶ ከወጥ ቤቴ ጠረጴዛ ተቀመጥን።

«ይሄስ?»

«ሠ።»

«ቅድም ያኛውን ሰ አላልከኝም?»

«ያኛው እሳቱ ሰ ነው፤ ይሄ ንጉሡ ሠ ነው።»

«ድምፃቸው ይለያያል?»

«አይለያይም።»

«ታዲያ ለምን ሁለት ሆኑ?»

ለዚህኛው መልስ ሌላ ጀበና መጣድ አስፈለገን። በሁለተኛው ቅዳሜ ማታ ግን ሠንጠረዡ አለቀ፤ ልጁም ሳያስበው ፊደል ቆጥሮ ነበር።

ላፕቶፗን እንዲነካት የፈቀድኩት ዘጠኙን ገጽ በወረቀት አትሜ ከያዝኩ በኋላ ነው። ፕሮሰሰሯ ባለ 32 ቢት ስለሆነ አዳዲሶቹ ሊኑክሶች አብዛኞቹ አይቀበሏትም። እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 የወጣው ዴቢያን 13 እንኳ ለእንደሷ ያሉት መጫኛ የለውም። ስለዚህ ከሱ በፊት የነበረውን ዴቢያን 12ን ጫነባት፤ ገንዘብ አይጠየቅበትም። ከፍላሽ አስነስቶ ስክሪኗና ቁልፎቿ መሥራታቸውን አስቀድሞ ካየ በኋላ ነው ኤክስፒን የደመሰሰው። ዋይፋይዋ አስቸግሮን አመሸን፤ ባትሪዋም ከሞተ ቆይቷልና ያለ ገመድ አትነሳም። ለቪዲዮ አትሆንም። ለመጻፍ ግን ትበቃለች፦ ኤስ፣ ኢ፣ ኤል፣ ኤ፣ ኤም የሚሉትን ቁልፎች ስነካ «ሰላም» ትላለች፤ ያውም በዩኒኮድ። ይህንን የምጽፈውም በእሷው ነው።

ልጁ ሊሄድ ሲል ከታተመው ወረቀት አንዱን ገጽ አንሥቶ በጣቱ እየተከተለ፣ እየቆመ፣ አንድ መስመር አነበበ። አያቱን በአካል አያውቀውም። መስመሩ አባቴ ስለ ሥራው የተናገረው ነበር፦ «ባቡር ሲዘገይ ሰው ይቆጣል፤ ጭራሽ ሲቀር ግን ዝም ብሎ ወደ ቤቱ ይሄዳል።» ልጁ ጨርሶ ወረቀቱን አጠፈና «ይቺን ልውሰዳት?» አለኝ። ሰጠሁት።

እንግዲህ ወገኖቼ፣ በስደት ዓለም ስንቱ ጋዜጣ፣ ስንቱ የማኅበር ቃለ ጉባኤ፣ ስንቱ የእናት ደብዳቤ በዚያ ዘመን ፎንት ተጽፎ በፍሎፒና በሲዲ ላይ ተቀምጧል! «ተበላሽቷል» ተብሎ የተጣለውም ብዙ ሳይሆን አይቀርም። ማሽናችሁን ከመጣላችሁ ወይም ሲስተሟን ከመቀየራችሁ በፊት ፋይሉን ገልብጡ፤ ከፋይሉ ጋር ፎንቱንም አውጡ፤ አሮጌዋ ማሽን ገና ማሳየት ሳለች ዋና ዋናውን በወረቀት አትሙ። ፕሮግራሙ የሰጣችሁ ፎንት ምን እንደሚባል ካላወቃችሁ ጽሑፉን ከፍታችሁ ፊደሉን ምረጡት፤ ስሙ ከላይ ይታያል። ያን ስም ጽፋችሁ በዝግጅት ክፍሉ በኩል ብትልኩልኝ፣ ሠንጠረዡ እኔና የእህቴ ልጅ ከሠራነው ጋር የሚገጥም እንደሆነ አይተን እንመልስላችኋለን። ልጁ ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣል።