መድረሻ ያጡ ሽቦዎች

በሸራና በነፋስ ኃይል ውቅያኖስ ለሚያቋርጥ ሰው፣ ከጀልባው ክፍሎች ሁሉ ጠባቡ፣ ነገር ግን ከባዱ ውሳኔ የሚሰጥበት ሥፍራ የአቅጣጫ መቀመሪያው ጠረጴዛ ነው። በላዩ ካርታ ይዘረጋል፤ ከፊቱ የኤሌክትሪክ ማከፋፈያው ሰሌዳ ይተከላል፤ በጎኑ ራዲዮው ይቀመጣል፤ በመካከላቸው የጉዞው መዝገብ ተከፍቶ ይጠብቃል። መሣሪያዎቹ የባሕሩን ቃል ይናገራሉ። መዝገቡ ግን የሚናገረው የሰውየውን ቃል ብቻ ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል የሚፈጠር ርቀት ሰውን የት ሊያደርስ እንደሚችል የእንግሊዛዊው የዶናልድ ክሮውኸርስት ታሪክ ያስረዳል።

ክሮውኸርስት የኤሌክትሮኒክስ መሐንዲስ ነበር። የራዲዮ ሞገድ ተቀብሎ ለመርከበኞች አቅጣጫ የሚያመለክት አነስተኛ መሣሪያ ፈልስፎ ይሸጥ ነበር፤ ገበያው ግን አልቀናውም። እ.ኤ.አ. በ1968 «ሰንደይ ታይምስ» የተባለው ጋዜጣ ብቻውን፣ የትም ሳያርፍ፣ ዓለምን በሸራ ጀልባ ለሚዞር ሰው ውድድር ባወጀ ጊዜ፣ የውቅያኖስ ልምድ እምብዛም የሌለው ይህ ሰው ተመዘገበ። በፍጥነት ለሚቀድመው የተመደበው ሽልማት 5,000 ፓውንድ ነበር። ጉዞው ቢከሽፍ ግን የንግድ ድርጅቱም ሆነ የቤተሰቡ ጎጆ አደጋ ላይ ይወድቁ ነበር።

«ቲንመዝ ኤሌክትሮን» የተባለችው ጀልባው ሦስት አካላት ጎን ለጎን ተጋጥመው የተሠሩባት ነበረች። እንዲህ ያለችው ጀልባ አንድ ጊዜ ከተገለበጠች በራሷ አትቃናም። ክሮውኸርስትም መፍትሔ አሰበ፦ ጀልባዋ ስታዘነብል አንድ ኮምፒውተር አደጋውን ተረድቶ በምሰሶዋ ጫፍ ያለውን ከረጢት በአየር እንዲነፋ። ለዚህም ሽቦዎች ከየማዕዘኑ ተዘርግተው ወደ ጓዳዋ ገቡ። ይሁንና የመነሻው የመጨረሻ ቀን ኦክቶበር 31 ነበር፤ እርሱም በዚያው ቀን ተነሣ። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች እንዲሉ፣ ሽቦዎቹ ከመቀመጫው ሥር ተጠላልፈው ቀሩ። ሊገናኙት የሚገባው ኮምፒውተር ከቶ አልተሠራም ነበር።

ባሕሩ ይህን ለማጋለጥ ጊዜ አልወሰደም። ጀልባዋ ታፈስ ጀመር፤ ጄኔሬተሩ በጨው ውኃ ተጥለቀለቀ። ወደፊት መሄድ ሞት መሰለው፤ ወደ ኋላ መመለስ ውርደትና ኪሳራ። ያን ጊዜ በዲሴምበር 1968 ሦስተኛ መንገድ መረጠ። ጀልባዋን በአትላንቲክ አቆይቶ፣ በወረቀት ዓለምን መዞር። ሳተላይት አቅጣጫ በማይመራበት በዚያ ዘመን ሥፍራ የሚታወቀው የፀሐይን ከፍታ በሴክስታንት ለክቶ በሰዓትና በሰንጠረዥ በማስላት ነበር። ስለዚህ ክሮውኸርስት ያልደረሰበትን ሥፍራ ለመመዝገብ፣ ከዚያ ሆና ፀሐይ ምን ያህል ከፍ ብላ እንደምትታይ ወደ ኋላ ማስላት ነበረበት። ሐሰቱ ከእውነቱ ይልቅ አድካሚ ሥራ ሆነ።

ከዚያም በጃንዋሪ ራዲዮውን ዘግቶ ለወራት ዝም አለ። በዚያው ውድድር የነበረው ሮቢን ኖክስ-ጆንስተንም ራዲዮው ተበላሽቶበት ለወራት ዝም ብሎ ነበር። ዓለም ለሁለቱም ዝምታ አንድ ዓይነት ጆሮ ነበራት። የአንዱ ዝምታ ግን ሥራ ነበረበት፤ የሌላው ዝምታ ባዶ ነበር። ኖክስ-ጆንስተን በኤፕሪል 22 ቀን 1969 ፋልመዝ ሲገባ በማንም ሳይታገዝ፣ የትም ሳያርፍ ዓለምን ብቻውን የዞረ የመጀመሪያው ሰው ሆነ።

ሐሰት በመዝገብ ላይ ብቻ ተኝቶ አይቀርም። ሌላው ተወዳዳሪ ናይጀል ቴትሊ፣ ክሮውኸርስት ከኋላው እየደረሰበት ያለ መስሎት፣ የተጎዳችውን ጀልባውን ከአቅሟ በላይ አስሮጣት። ጀልባዋ በሜይ 1969 ተሰብራ ሰጠመች፤ ቴትሊ በሕይወት ተረፈ። ያልተጓዘ ሰው ቁጥር የተጓዘውን ሰው ጀልባ አሰጠመ! ለክሮውኸርስትም የፍጥነቱ ሽልማት የማይቀርለት ዕዳ ሆነበት፤ አሸናፊ መዝገቡ ይመረመራልና።

በጁን ወር የራዲዮው ማስተላለፊያ ሲበላሽበት ይህ ብልህ መሐንዲስ ሽቦ እየበጠሰና እየበየደ ብዙ ቀናት ደከመ። እጁ ሽቦውን መጠገን አላቃተውም፤ ከመዝገቡና ከኅሊናው መካከል የተበጠሰውን ግን የሚበይድበት አልነበረውም። የመጨረሻ ቃሉን የጻፈው በጁላይ 1 ቀን ነው። በጁላይ 10 ጀልባዋ ሰው አልባ ሆና ስትንሳፈፍ ተገኘች፤ እውነተኛው ጉዞ የተጻፈበት መዝገብም ለሚያነብ ሁሉ ተትቶ ነበር። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ኖክስ-ጆንስተን የተሸለመውን 5,000 ፓውንድ ለሟቹ ቤተሰብ ሰጠ።

ዛሬ የሸራ ጀልባን የኤሌክትሪክ ሰሌዳ የሚያድስ ባለሙያ፣ አዲሶቹን መሣሪያዎች ከመትከሉ በፊት አሮጌዎቹን ሽቦዎች አንድ በአንድ ይከተላል። መድረሻ የሌለውን ነቅሎ ያወጣል፤ ለቀሪው በሁለቱም ጫፍ ስም ይጽፍለታል፤ ለየመስመሩ የራሱን መቁረጫ ይሰጠዋል። ሳተላይቱም የጀልባዋን ሥፍራ በሜትሮች ልክ ይነግረዋል። ዘመኑ ለመርከበኛው ይህን ያህል ብርሃን አበርክቷል። ሆኖም የሚናገር ሁሉ፣ የሚጽፍና የሚያስተምር ሁሉ፣ በየጠረጴዛው ከፊቱ የተከፈተ መዝገብ አለው። ቃሉን ከሥራው ጋር የሚያገናኘውን ሽቦ ከጫፍ እስከ ጫፍ ተከትሎ የሚፈትሽለት ከራሱ በቀር ማን አለ?